ስብሰባው በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ፤ የገባችሁ ሰዎች ንገሩኝ

መንገደኛ_ከሜሪላንድ፣ እሑድ ከሌሊቱ 8፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

43 ዓመቴ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ታክሲ እነዳ ነበር፤ አሁን ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ታክሲውን የተውኩት ጠዋት እጄ ሲንቀጠቀጥ ሰው ጭኜ አደጋ እንዳላደርስ ስለፈራሁ ነው። ለባለቤቴ የነገርኳት ግን ሥራው ቀዘቀዘ ብዬ ነው።

አገር ቤት ከሥራ በኋላ ሁለት ድራፍት ነበር፣ ከጓደኛ ጋር። እዚህ ቢራው ቮድካ ሆነ፤ ጨዋታው ቀረና ብቻዬን ጋራዥ ውስጥ ሆነ። አሁን ጠዋት ፍርሻ ካልወሰድኩ የጫማዬን ክር ማሰር አልችልም። ለብዙ ዓመት ራሴን ያታለልኩት በጾም ነው። «ሑዳዴን 55 ቀን ሙሉ ሳልቀምስ የምጨርስ ሰው ምን ሱስ አለብኝ?» እል ነበር። የፋሲካ ሌሊት ግን ዶሮው ሳይወጣ ጠርሙሱ ያልቃል። ዘንድሮ ሑዳዴንም አልዘለቅኩትም፤ ገና በሁለተኛው ሳምንት ተሸነፍኩ። ያኔ ነው የገባኝ።

«ሚቲንግ ጋይድ» የሚባለውን አፕ ስልኬ ላይ ጭኜ ከቤቴ 15 ደቂቃ የሚርቅ የኤኤ ስብሰባ አገኘሁ፤ ኤኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ) መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ተሰብስበው የሚረዳዱበት ነው፤ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሰው ሲገባ አየሁና ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀን ስመለስ መንገድ ላይ ገዝቼ ነው ቤት የገባሁት።

ሐበሻ ቢያየኝስ? ስም ይመዘግባሉ ወይ? ወረቀቴ ላይ ችግር ያመጣል? እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል እንጂ የውስጤን ለማውራት አይበቃም። ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ የእኛ አይደለም፤ ወደ ሌላ ሃይማኖት የሚስቡ ከሆነ አልፈልግም። የገባችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።

ዘጠኝ_ዓመት፣ እሑድ ከጠዋቱ 1፡30

ወንድሜ፣ እኔም በር ላይ ተቀምጬ ተመልሻለሁ። ያውም አራት ጊዜ። ስለዚህ ሁለቱን እንደ ሽንፈት አትቁጠረው፤ መንገዱን አውቀሃል።

ምዝገባ የሚባል ነገር የለም። የአባት ስም አይጠየቅም፤ መታወቂያ አይታይም፤ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ መዝገብ የሚይዝ የለም። ወረቀት ይዘው የሚያስፈርሙ ሰዎች ልታይ ትችላለህ፤ እነሱ ፍርድ ቤት የላካቸው ናቸው፤ አንተን አይመለከትም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ የማቆም ፍላጎት። ክፍያም የለም። መሐል ላይ ቅርጫት ይዞራል፤ ሰው አንድ ሁለት ዶላር ይጥላል፤ አዲስ የመጣ ሰው ግን ምንም አይጠበቅበትም። ቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን ክፍሉን ያከራያል እንጂ ስብሰባው የእሱ አይደለም።

አፑ ላይ «ኦፕን» እና «ክሎዝድ» የሚል ታያለህ። «ኦፕን» ማንም ገብቶ የሚያዳምጥበት ነው፤ «ክሎዝድ» መጠጥ ለቸገራቸው ብቻ ነው። አንተ ሁለቱም ይሆንሃል፤ ለመጀመሪያ ቀን ግን «ቢጊነርስ» (ለጀማሪዎች) የሚል ካገኘህ እሱን ምረጥ። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። ተራ ሲደርስህ መናገር ካልፈለግህ «ዛሬ ማዳመጥ ብቻ ነው የምፈልገው» በል፤ ማንም አይጫንህም። 10 ደቂቃ ቀደም ብለህ ግባ። አርፍደህ ከገባህ ሁሉም ሰው ዞሮ ያየህ ይመስልሃል።

ስለ ሐበሻ ማየት፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሦስት ሐበሻ አይቻለሁ። ሦስቱም ያዩኝ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው።

ነርስ_ነኝ፣ እሑድ ከረፋዱ 4፡05

መንገደኛ፣ ከስብሰባው በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ሌሎቻችሁም አንብቡት፤ በሥራዬ ያየሁት ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም።

ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጥና ፍርሻ ሳትወስድ መቆም የማትችል ከሆነ በራስህ ውሳኔ ድንገት አታቁም። ሰው «ዛሬ ወሰንኩ» ብሎ ጠርሙሱን ደፍቶ ቤቱን ይዘጋል፤ እኛ ደግሞ በማግስቱ በአምቡላንስ እንቀበለዋለን። ሰውነት ለረጅም ጊዜ አልኮል ሲለምድ አእምሮ ራሱን በዚያው ልክ ያስተካክላል። አልኮሉ ድንገት ሲቀር ያለ ልጓም ይጋልባል። የሚጥል ዓይነት መንዘፍዘፍ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል።

ሐኪም ቤት ከሄድክ በቁጥጥር ሥር የሚያረጋጋ መድኃኒትና ታያሚን የሚባለውን ቫይታሚን ቢ1 እየሰጡ በጥቂት ቀናት ያሳልፉሃል። በኋላ ደግሞ ፍላጎቱን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፤ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት ብለህ ሐኪምህን ጠይቀው። መድኃኒት መውሰድና ስብሰባ መሄድ አይጣሉም። የት ልጀምር ካልክ ሳምሳ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነፃ መስመር አለ፤ 1-800-662-4357፣ ቀንም ሌትም ይነሣል፤ በአካባቢህ ያለውን ሕክምና ይጠቁሙሃል። መንዘፍዘፍ ወይም መቃዠት ከጀመረህ ግን ለማንም ሳትደውል 911።

እባክህ ሐኪም አይተህ ጻፍልን።

የማርያም_ልጅ፣ እሑድ ከቀኑ 9፡00

ወንድሜ እግዚአብሔር ያበርታህ። እኔ የምለው ግን ጠበል እያለልን፣ የንስሐ አባት እያለን፣ ምድር ቤት ገብቶ ለፈረንጅ ገመና መናገር ለምን? አጎቴ እንጦጦ ማርያም ሱባዔ ገብቶ ነው የተወው። እስከ ዛሬ አልቀመሰም። ክፉ አትበሉኝ፤ ከልቤ ስለማስብ ነው።

ዘጠኝ_ዓመት፣ እሑድ ማታ 2፡45

እህቴ፣ ክፉ አልልሽም። እኔም ጠበል ገብቻለሁ፤ አሁንም እገባለሁ። ለአጎትሽ እሰይ። እኔ ግን ከጠበል ወጥቼ በሦስተኛው ሳምንት ጓደኛዬ ልጁን ሲድር «በሞቴ አንዲት ብቻ» አለኝ፤ ጠጣሁ። ያን ቀን የጎደለኝ እምነት አልነበረም። ያን ሰዓት ስልክ ደውዬ «ብርጭቆው እጄ ላይ ነው» የምለው ሰው ነው ያጣሁት። ለንስሐ አባቴ እንዳልደውል አፈርኩ፤ ለወንድሜ እንዳልደውል እሱም እየጠጣ ነበር።

ኤኤ የተጀመረውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አክረን፣ ኦሃዮ ውስጥ ቢል የሚባል የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ሄዶ ንግዱ ይከሽፍበታል። ካቆመ ጥቂት ወራት ነው፤ ሆቴሉ ውስጥ መጠጥ ቤት አለ፤ ልቡ ሄደ። ያን ጊዜ የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ፈልጉልኝ ብሎ ስልክ መደወል ጀመረ። ያገናኙት ቦብ ከሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ነው። ሐኪም ሆኖ፣ ጸሎተኛም ሆኖ መተው ያልቻለ ሰው ነበር። ቦብ የመጨረሻውን የጠጣው ሰኔ አጋማሽ ሳይደርስ፣ በፈረንጆች ጁን 10 ነው፤ ያን ቀን እንደ ልደት ይቆጥሩታል። ሁለት ጠጪዎች ቁጭ ብለው ማውራታቸው ነው መነሻው።

ስለ እምነት፤ ኤኤ የሚከተላቸው አሥራ ሁለቱ እርምጃዎች ላይ እግዚአብሔር ይጠራል፤ «እያንዳንዱ እንደሚያውቀው» ይላሉ እንጂ ማንም ሃይማኖትህን አይጠይቅህም። እኔ ያለሁበት ቡድን ውስጥ አይሁድ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ አላምንም የሚልም አለ። ከነጭራሹ ይህ ነገር የማይመቸው ሰው ስማርት ሪከቨሪ የሚባል አለ፤ እሱ ጸሎት የለበትም፤ አስተሳሰብንና ልማድን በመለወጥ ዘዴ ላይ ይሠራል።

ነርስ_ነኝ፣ እሑድ ማታ 3፡10

አንድ ልጨምር፤ ይህ የስሜት ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ማስረጃ መዛኝ ድርጅት 27 ጥናቶችን፣ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ያሉባቸውን፣ አንድ ላይ አይቶ ነበር። ሰዎችን ወደ ኤኤ አዘጋጅቶ የሚያስገባው የሕክምና ዘዴ ሙሉ በሙሉ መጠጥ በማቆም ረገድ ከሌሎቹ የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ሆኖ ነው ያገኙት። ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለት አይደለም። ጠበሉንም አልቃወምም፤ የሐኪም መድኃኒታችሁን ግን ለጠበል ብላችሁ አታቋርጡ።

የቤት_እመቤት፣ ሰኞ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ በሌላ በኩል ነኝ። ባለቤቴ ነው የሚጠጣው። መንገደኛ፣ «ለባለቤቴ ሥራው ቀዘቀዘ አልኳት» ያልከው አላስተኛኝም። ወንድሜ፣ ታውቃለች። እኔ ጠርሙሱ የት እንዳለ፣ ስንት ጣት እንደጎደለ፣ የትኛው ሱቅ እንደሚገዛ አውቅ ነበር። ውኃ የጨመርኩበት ቀን አለ። የደፋሁበት ቀን አለ። ለእናቱ «ደክሞት ተኝቷል» ብዬ የዋሸሁበትን ቀን አልቆጥረውም። የእሱ ሱስ መጠጡ ነው፤ የእኔ ደግሞ እሱን መጠበቅ ሆነ።

ለቤተሰብ አል-አኖን የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ያለ ነው። እኔ እሱ ሳያቆም ነው መሄድ የጀመርኩት። እሱ ገና አላቆመም። እኔ ግን ሌሊት እተኛለሁ። ለባለቤትህ ንገራት።

መንገደኛ_ከሜሪላንድ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 7፡00

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ዛሬ ጠዋት ሄድኩ፤ ሐኪሟ በቀን ስንት እንደምጠጣ ስትጠይቀኝ ግማሹን ነገርኳት፤ ከዚያ ጠርቼ አስተካከልኩ። እዚሁ አስቀርተውኛል። ስልኬን ባለቤቴ ናት ያመጣችልኝ። ታውቅ ነበር። የታክሲውንም ታውቅ ነበር። ብዙ መጻፍ አልችልም፤ እጄ።

ዘጠኝ_ዓመት፣ ማክሰኞ ከቀኑ 7፡20

ጎበዝ። እኛ እዚህ አለን።

መንገደኛ_ከሜሪላንድ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ከጠዋቱ 12፡50

ጋሼ ዘጠኝ ዓመት፣ ትናንት ማታ ገባሁ። እንደሆነው ልጻፈው፤ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ማንበብ የፈለግሁት ይህን ነበር።

ስብሰባው ማታ 1 ሰዓት ነው። ዋናው መንገድ ላይ ሐበሻ ምግብ ቤት ስላለ መኪናዬን ከኋላ አቆምኩ። 20 ደቂቃ ቀድሜያለሁ። አንድ ሸምገል ያለ ሰውዬ በኋላ በር ወጥቶ ቆሻሻ ሲጥል አየኝና «ቡናው ደርሷል» ብቻ አለኝ። ማን ነህ አላለኝም። እንደ ልጅ ተከትዬው በወጥ ቤቱ በኩል ገባሁ።

ክፍሉ የሰንበት ትምህርት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ የልጆች ሥዕል ተለጥፏል። የሚታጠፍ ወንበር በክብ ተደርድሯል። እኔ የጠበቅሁት የፈረሰ ሰው ነበር። ክራቫት ያሰረ አለ፤ የሆስፒታል ልብስ የለበሰች አለች፤ ከግንባታ ሥራ የመጣ ጫማው ሲሚንቶ የሆነ ወጣት አለ።

ሰውዬው ቡና ቀዳልኝ። ለሌላው ሁሉ እስከ አፉ እየሞላ፣ የእኔን ግማሽ ድረስ ብቻ ቀዳና ሰጠኝ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ከዚያ ስኒውን ስይዝ ገባኝ፤ እጄን አይቶ ነው። እንዳይፈስብኝ ነው። ምንም አላለም። እዚያች ላይ ልወጣ የነበረው ሐሳቤ ተወኝ።

«ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ አለ?» ሲባል እጄን አወጣሁ፤ እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም። ስሜን ተናግሬ «አልኮሆሊክ ነኝ» አልኩ፤ ሁሉም ስሜን ጠርተው ሰላም አሉኝ። በእንግሊዝኛ ስለው አልከበደኝም። ሌላ አልተናገርኩም። እንግሊዝኛዬ ያስፈራኝ ነበር፤ ግን እነሱም የሚናገሩት የቤት ቋንቋ ነው። አንዷ ጠርሙሱን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ትደብቅ እንደነበር ስትናገር ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። እኔ የምደብቀው ጎማ ማስቀመጫው ውስጥ ነው።

ቅርጫቱ ሲዞር አጠገቤ ያለችው ዝም ብላ አሳለፈችብኝ። ሲያልቅ ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ ተያይዘው አባታችን ሆይን በእንግሊዝኛ ጀመሩ። እኔ በአማርኛ አልኩት፣ በለሆሳስ። እኩል ጨረስን። የ24 ሰዓት ምልክት የምትሆን አንዲት ክብ ፕላስቲክና ስልክ ቁጥሮች የተጻፉባት ወረቀት ሰጡኝ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ያንኑ ነገር በአማርኛ ልበለው ብዬ ሞከርኩ። «ሰካራም ነኝ።» አልወጣም። ሰካራም ማለት ለእኔ ሰፈራችን ቦይ ዳር የሚወድቀው፣ ልጆች ጠጠር የሚወረውሩበት ሰውዬ ነው። ከሚወረውሩት ልጆች አንዱ እኔ ነበርኩ። ስሙን እንኳ አላውቀውም። 20 ደቂቃ ያህል እዚያው አለቀስኩ፤ ከዚያ ቤት ሄድኩ፤ መንገድ ላይ አልቆምኩም።

ነርስ_ነኝ፣ ዓርብ ከረፋዱ 3፡15

ግማሽ ስኒው። እግዚአብሔር ይስጠው ለሰውዬው።

ዘጠኝ_ዓመት፣ ዓርብ ከቀኑ 6፡30

ያ ቃል ለእኔም አልወጣም። እኔ ለባለቤቴ «መጠጥ አሸንፎኛል» ነው ያልኳት። አንዳንዱ «የአልኮል ሱሰኛ» ይላል፤ የሬዲዮ ቋንቋ ይመስለኛል፤ ለሌላ ሰው ከሠራ ግን ደግ። ራስህን በሰፈር ስድብ መጥራት አይጠበቅብህም። «አሸንፎኛል» ውስጥ ውጊያ እንደነበረ አለበት፤ እኔ የምወደው ለዚያ ነው።

አሁን ያቺን ወረቀት ዛሬውኑ ተጠቀምባት። ሳትጨነቅ፣ ደህና ሳለህ ለአንዱ ደውልና «ቁጥሩ ይሠራል ወይ ብዬ ነው» በል። በጭንቅ ሰዓት ለማያውቁት ሰው መደወል አይቻልም። ቆይተህ ስፖንሰር ትይዛለህ፤ እርምጃዎቹን አብሮህ የሚሠራ፣ ካንተ ቀድሞ ያለፈበት ሰው ማለት ነው። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ቢሆን ይመከራል። አትቸኩል፤ ንግግሩ የሚያሳርፍህን ሰው ምረጥ። በተለያየ ቀን ሦስት አራት ቡድን ቅመስ፤ ሁሉም ቤት አንድ አይደለም።

ለሠርግና ለክርስትና ደግሞ፤ ገና ስትገባ በራስህ እጅ አምቦ ውኃ ወይም ለስላሳ ያዝ፤ ባዶ እጅ ነው ብርጭቆ የሚጠራው። «መድኃኒት ላይ ነኝ» በል። ውሸት አይደለም።

ኩዌት_ያለሁ፣ ዓርብ ማታ 1፡00

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ መጠጥ በሕግ ክልክል ነው፤ ግን በድብቅ የሚጠመቅ አለ፤ በዕረፍት ቀናችን ተሰብስበን እንጠጣ ነበር። ለማን ይነገራል? ሐኪም ቤት ብሄድ አሠሪዎቼ ይሰማሉ። እኔ በስልክ በዙም ነው የምገባው፤ ካሜራዬን ዘግቼ፣ ስሜን ቀይሬ። ከኮሮና ወዲህ በየሰዓቱ አለ። ቋንቋው ግን ይከብደኛል። በአማርኛ ቢኖር።

አዲስ_ልጅ፣ ዓርብ ማታ 2፡20

እዚህ አዲስ አበባ ላለነውስ? እኔ አማኑኤል ሆስፒታል ታይቼ መድኃኒት ወስጃለሁ፤ ረድቶኛል። ሰው «እብድ ቤት ገባ» ይለኛል ብዬ ስፈራ የቆየሁት አንድ ዓመት ነው፤ ወረፋው ላይ ያገኘሁት ግን እንደኔው ሥራ ያለው፣ ልጅ ያለው ሰው ነው። ከሆስፒታል ስወጣ ነው የሚቸግረው፤ ሰፈሬ በየበሩ ግሮሰሪ ነው። በአማርኛ ቢኖር እኔም አለሁ።

ዘጠኝ_ዓመት፣ ዓርብ ማታ 4፡00

መጠጥ የቸገራቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ለማቆም ብለው ከተሰበሰቡ ቡድን መባል ይችላሉ፤ ከኤኤ ልማዶች አንዱ ነው። ፈቃድ አያስፈልግም። እሑድ በአዲስ አበባ ሰዓት ማታ 3 ሰዓት፣ ኩዌትም ያው ሰዓት ነው፣ እዚህ ሜሪላንድ ላለነው በአሜሪካ የበጋ ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2 ይሆናል፤ መስመሩን እኔ እከፍታለሁ። ካሜራ ግዴታ አይደለም።

የማርያም_ልጅ፣ ዓርብ ማታ 4፡25

«ሁለት ወይም ሦስት በሚሰበሰቡበት»። እኔ አልጠጣም፤ ግን በመጀመሪያው የጻፍኩት ከብዶኝ ነበር። መክፈቻ ጸሎት የሚያደርስ ካስፈለገ ሳይሆን፣ ኩዌት ያለችው እህቴ ብቻዋን ማውራት ከፈለገች በግል ትጻፍልኝ።

መንገደኛ_ከሜሪላንድ፣ እሑድ ማታ 5፡30

ዛሬ አራት ሆነን ገባን። ኩዌት ያለችው እህቴ መጀመሪያ ተናገረች። እኔ «መጠጥ አሸንፎኛል» አልኩ፤ በአማርኛ፣ ድምፄ ተቆርጦም ቢሆን። 19 ቀኔ ነው። ባለቤቴ ረቡዕ አል-አኖን ልትሞክር ነው፤ የቤት እመቤት፣ በአንቺ ምክንያት ነው።

አዲስ_ገቢ_07፣ ማክሰኞ ከሌሊቱ 7፡55

ሰላም። ከላይ ጀምሮ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ፤ ሴት ነኝ፤ ሌላ አሁን መናገር አልፈልግም። መንገደኛ፣ መኪናህን ከኋላ ያቆምክበት ቦታ፣ ሌላ መኪና ይይዛል?

መንገደኛ_ከሜሪላንድ፣ ማክሰኞ ከሌሊቱ 8፡02

ይይዛል እህቴ። ስድስት ያህል መኪና ይይዛል፤ ከዋናው መንገድ አይታይም። የወጥ ቤቱ በር ክፍት ነው። ሐሙስ ማታ 12፡40 ላይ ከሆስፒታል ቀጥታ የምትመጣውን ሴትዮ በሩ ላይ እንድትቆም እነግራታለሁ፤ እኔም አለሁ፤ ካልፈለግሽ አላናግርሽም። እጅሽ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን እስከ ሐሙስ አትጠብቂ፤ ነርሷ የጻፈችውን አንብቢና ነገ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።